ስለ መጥረቢያው ለጠየቅከኝ

ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም አኑዋር፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሾፌሩ ከማሉ ከናንተ ዘንድ የጫነውን ከሰል ገበያ ሳያራግፍ መጀመሪያ በራችን ላይ መኪናውን አቁሞ ጥሩምባውን አንባረቀው፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እያየኝ ነው የተቀበልኩት። ጤናዬን፣ ጣሪያውን፣ የውሃውን በርሜል፣ ጎረቤታችንን እትዬ ቱርካን ሳይቀር ጠይቀሃል። አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። እትዬ ቱርካም እንደ ወትሮዋ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ምን እንደምሠራ ስታይ ትውላለች።

«አሁንም ተቆጥተሻል ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ጫካ ከገባህ ጀምሮ ስልክህ ዝግ ሆኖብኝ እንጂ ጮኬ ነበር የምነግርህ። ስትሄድ የተናገርከውን ረስተኸው ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁትም። በር ላይ ቆሜ «ዘንድሮም ከሰል? ዘንድሮም ጫካ?» ብልህ ምን አልከኝ? «ጫካውን የምጨርሰው እኔ አይደለሁም፤ የናንተ ምድጃ ነው። ጠዋት ማታ ከሰል እያነደድሽ እኔን ትወቅሻለሽ። አንቺ ምድጃሽን ያጠፋሽ ቀን እኔም መጥረቢያዬን እሰቅላለሁ» አልክና ሄድክ። እኔም ቃልህን ቃል ብዬ ያዝኩት።

ጀምሬያለሁ። ከገበያው ጀርባ ባለው የሴቶች ማኅበር ሥልጠና አለ ሲሉኝ ሄድኩ። አሠልጣኟ ከካርቱም የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። የያንዳንዱ ቤት ጢስ ሰማይ ላይ ወጥቶ እዚያው ይከማቻል፣ ምድሪቱን ያሞቃል፣ ዝናቡንም ያዛባል ትላለች። እያንዳንዷ የራሷን ጢስ ትቀንስ ትላለች። እኔ የሰማዩን ነገር አላውቅም። የማውቀው፣ ሙሽራ ሆኜ ወደ ገላባት ስትወስደኝ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ የነበረው ያ ቀይ ቅርፊቱ የሚያምር ግራር፣ ጠልሁ፣ አሁን ቦታው ባዶ ሜዳ መሆኑን ነው።

እና ፉሉን ማታ እነክረዋለሁ። ጠዋት አንድ ጊዜ ካፈላሁት በኋላ ድስቱን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ገለባ በሞላሁት ትልቅ ቅርጫት ውስጥ አስተኛዋለሁ። እሳት ሳይነካው እስከ ምሳ በስሎ ይጠብቀኛል። ሻይ አንዴ አፍልቼ ፔርሙዝ ውስጥ እከተዋለሁ። ገበያ በራክሻ ባጃጅ መሄድ ትቼ በእግሬ እመላለሳለሁ፤ ለነገሩ አንድ ቦታ መቀመጥም አቅቶኛል። ያንተ ጀላቢያዎች ከእንግዲህ በከሰል ካውያ አይተኮሱም። እንደተጨማደዱ ይጠብቁሃል፣ ባለቤታቸው ከመጣ።

መጥረቢያህን ረስተኸው ስለሄድክ በከማሉ እንድልክልህ ጠይቀኸኛል። ከማሉ ዛሬ ቸኩሏል። በሌላ ጊዜ ይሁን።

ሰውዳ

---

ገላባት አጠገብ፣ ከጫካው፣ ጥር 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ወዓለይኩም ሰላም ሰውዳ፣

ሌላ ጊዜው መጣ፣ ከማሉም መጣ፣ መጥረቢያዬ ግን አልመጣችም። የሰው መጥረቢያ ተውሼ እሠራለሁ። የሰው መጥረቢያ የሰው ጫማ ማለት ነው፤ እጄን ልጦታል። የኔዋን ዛቢያ በተጋባን ዓመት ከጠልህ እንጨት እኔው ራሴ ጠርቤ፣ በቅባት አሽቼ ያወጣሁት መሆኑን ታውቂያለሽ። እባክሽ ላኪልኝ።

እንቅልፍስ ትተኛለህ ወይ ብለሽ በከማሉ ላስጠየቅሽኝ፣ እንደ ነገሩ ነው። እንጨቱን ከምረን፣ አፈር አልብሰን፣ ውስጥ ውስጡን እንዲነድ ከለኮስነው በኋላ ልክ እንደ በሽተኛ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ክምሩ በአንድ በኩል ከተሸነቆረና አየር ከገባው ድካማችን ሁሉ አመድ ይሆናል። እኔና ስንሻው እየተፈራረቅን እንጠብቃለን። ስንሻው ማን ነው ትዪ ይሆናል፤ የመተማ ሰው ነው፤ ለማሽላ አጨዳ ተሻግሮ መጥቶ፣ አጨዳው ሲያልቅ ከኛ ጋር ቀረ። ጾመኛ ነው፣ ጨዋታ ያውቃል፣ አስተያየት የማይሰጥበት ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ጁምዓ ገላባት ሻይ ልጠጣ ብቀመጥ አንድ ሾፌር ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «አኑዋር፣ ቤትህ ምን ሆኖ ነው? ከጓሮህ ጢስ ጠፋ አሉ» አለኝ። ሁሉም ብርጭቆውን ያይ ጀመር። ጢስ የጠፋበት ቤት ምን ይባላል? ተራበ ነው የሚባለው። ከሰል እያመረተ ሚስቱን ጦም የሚያሳድር ሰው ተባልኩ፣ ሰውዳ። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

አንቺ ምድጃሽን ብታጠፊ ካርቱምን የሚያህል ከተማ ምን ይጎድልበታል? የተናገርኩት በንዴት ነው። ሰው በንዴት የተናገረውን ተይዞ ይከራከሩታል? በዚህ መኪና ትልቁን ጆንያ ልኬልሻለሁ፣ ከምርጡ ጠልህ የወጣ፣ ሲመቱት እንደ ብረት የሚጮህ ከሰል ነው። አንድጂው። ጢሱ ይታይ።

አኑዋር

---

ከጫካው፣ የካቲት 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሰውዳ፣

ጆንያው ተመልሶ መጣ። ከማሉ ከመኪናው አውርዶ እግሬ ሥር አስቀመጠውና አይኔን ሳያይ ወደ ሞተሩ ሄደ። ገመዱ እኔ እንደቋጠርኩት ነው። ደብዳቤ ይኖረዋል ብዬ ፈታሁት፣ እስከ ታች ድረስ በእጄ ፈለግሁ። ከሰል ብቻ ነው።

በኛ ዘንድ ሴት ልጅ የባሏን ቀለብ ሳትፈታ ከመለሰች ምን ማለቷ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ሰዉም ያውቃል። የአባቴ እኅት አባወራዋን የተፋታችው በአንድ ቁና ማሽላ ነው፤ ቃል አልተናገረችም፣ መለሰችለት፣ በቃ።

ኒካሓችን እንዲፈርስ ከፈለግሽ በአፍሽ ተናገሪ። ሽማግሌ ልኬ እንደ ሰው እንለያያለን። እኔ ለጆንያ መልስ አልሰጥም።

አኑዋር

---

ገዳሪፍ፣ የካቲት 11 ቀን 2001 ዓ.ም.

አኑዋር፣ አውፍ በለኝ። ከሰላምታውም በፊት አውፍ በለኝ።

ደብዳቤህን ቆሜ ጀመርኩት፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ወላሂ እንዲህ ያለ ነገር በልቤ አልነበረም። ከማሉ ያን ቀን «ቶሎ በይ፣ መንገድ ላይ ሳይመሽብኝ» እያለ ጥሩምባውን ሲያንባርቅብኝ ወረቀት የምፈልግበት ጊዜ አልነበረኝም። «ሚስትህ ምድጃዋን አጥፍታለች፣ ከሰል አያስፈልጋትም በለው» ብዬ በቃል ላክሁበት። እሱ ደግሞ ጆንያውን አደረሰና ቃሉን ዋጠው። አሁን ብጠይቀው «በባልና ሚስት መሀል አልገባም ብዬ ነው» ይለኛል። እኔ አንተ ጆንያውን አይተህ ትስቃለህ፣ «ይቺ እልኸኛ» ትላለህ ብዬ ነበር። የባል ቀለብ እንደማይመለስ አላውቅም አልልህም። ሳድግ የሰማሁት ነገር ነው። እናቴ በሕይወት ብትኖር ጆንያውን ከመኪናው ላይ ጎትታ ታወርድልኝ ነበር። እልሄ ነው ያሳወረኝ።

የጢሱ ወሬ ከየት እንደወጣም አወቅሁ፤ ከእትዬ ቱርካ ነው። ከጓሮዬ ጢስ ስታጣ የምበላው ያጣሁ መሰላት። አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ጨርቅ የለበሰ የማሽላ ቂጣ፣ ኪስራ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። በማግስቱ ከወዲያ ማዶ ያለችው ጎረቤት ወጥ ይዛ መጣችና «አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ ይጠፋል፣ ይመለሳል» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እኔ ጥጋቤን መደበቂያ አጥቻለሁ፣ እነሱ ያዝኑልኛል! በመጨረሻ እትዬ ቱርካን በእጇ ጎትቼ አስገባሁና ቅርጫቱን ከፈትኩላት። ድስቱን ስትነካ እጇን ፈጃት። «ቢስሚላህ! እሳት የሌለው ድስት፣ ይሄማ ጂን ነው» አለች። ፉሉን ስትቀምስ ግን ጂኑን ረሳችው። አሁን በአንድ እሳት የሷንም የኔንም ድስት አፍልተን፣ በየቅርጫታችን እናስተኛለን።

«ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?» ብትለኝ፣ እነግርሃለሁ። ምድጃዬን ያጠፋሁት ለሰማዩ ብቻ አይደለም። ለዝናቡም ብቻ አይደለም። አንተ ነህ ምክንያቱ። ክረምት ገብቶ ያ ጥቁር ጭቃ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት እንድትመጣልኝ፣ መጥተህም እንዳትመለስ ነው። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ። ቀን ቀን ሥራ ሳላጣ ከበር ጓሮ፣ ከጓሮ በር እላለሁ። ናፍቀኸኛል፤ ከዚህ በላይ በአፌ ምን ልናገር?

መጥረቢያህን ዛሬም አልላክሁም። ብልካት ዘንድሮ ብቻ ሳይሆን ለከርሞም እዚያው እንደምትቀር አውቃለሁ። ከበሩ ጀርባ ናት። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አያታለሁ።

ያንተዋ ሰውዳ

---

ከጫካው፣ መጋቢት 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለሰውዳ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አውፍ ብዬሻለሁ። እልህሽን ካገባሁሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ዛሬ አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። የጆንያውን ነገር እንርሳው። ለዚያ የገላባት ሾፌርም ሚስቴ ጠግባ ነው የምታድረው ብዬ ነግሬዋለሁ። ከሰሉን ስንሻው ወደ መተማ ለሚሄድ ሰው ሸጠው።

ደህና ነኝ። ብዙ እንዳልጽፍልሽ ሥራ ይዞኛል። ከክረምት በፊት ና ብለሽኛል፤ እሱን አሁን አልመልስም።

መጥረቢያዋን ተያት። አያስፈልገኝም።

ስንሻው የቅርጫቱን አሠራር በደንብ ጻፊልኝ ይላል። ለሚስቱ ለዙፋን ሊያሳያት ነው። ገለባው የማሽላ ነው ወይስ የጤፍ ነው ብሎ ይጠይቃል።

አኑዋር

---

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2001 ዓ.ም.

አኑዋር፣

ይህ ጽሑፍ የማን ነው? ያንተ መስመር እየጻፍክ በሄድክ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል፣ ወረቀቱ ያልቅብሃል፣ ጥጉ ላይ ታጨናንቀዋለህ። ይሄኛው እንደ ታረሰ መሬት ቀጥ ያለ ነው። አኑዋር የሚለው ስምህም ያንተ እጅ አይደለም። ለምንድነው ሰው የሚጽፍልህ?

ደግሞስ መጥረቢያዋን ተያት ማለት ምን ማለት ነው? ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ስትለምነኝ የነበረችውን! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? የፈለግሁት ይሄ ነበር። ግን መላልሼ አነበብኩት። ጥለህ ልትሄድ ነው? ታመሃል? የጫካ ጠባቂዎች ያዙህ? ከማሉን ብጠይቀው «ደህና ነው፣ ደህና ነው» እያለ ጎማ ይነካካል። ያ ሰው ወሬ ሲውጥ ጎማ መነካካት ልማዱ ነው።

ስፈራ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ጭቃና ገለባ እያቦካሁ ትንሽ ከሰል የሚበላ ምድጃ እሠራለሁ። ከማኅበሩ የተማርኩት ነው። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ፈለጉት፣ አላደርስ ብያቸዋለሁ። እንዲያም ሆኖ አላረፍኩም። ምድጃ ሠርቼ፣ አይቼ፣ አልወደድኩትም ብዬ አፈርሰዋለሁ፣ ደግሞ እጀምራለሁ።

ገለባው የማሽላ ነው በለው። የጤፉም ይሆናል።

እውነቱን ካልነገርከኝ ገላባት ድረስ ራሴ እመጣለሁ። በእግር መሄድ እንደለመድኩ ነግሬሃለሁ።

ሰውዳ

---

ከጫካው፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሰውዳ፣

እንዳትመጪ። እኔ እመጣለሁ። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በመጨረሻው መኪና፣ ግንቦት 9፣ ከመግሪብ በፊት ሰፈር እደርሳለሁ ኢንሻአላህ።

ስለ ጽሑፉ ለጠየቅሽኝ፣ እጄን ትንሽ አሞኛል፤ ስንሻው ነው የሚጽፍልኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ብዙ አስቤያለሁ። ወደ ቤት ስመጣ ስሄድ እንደነበርኩት ሆኜ አይደለም የምመጣው። ስታይኝ ታዝኚልኝ ይሆናል። ማዘንና መፈለግ ግን አንድ አይደለም። በሰው ሐዘን የሚኖር ባል መሆን አልችልም። የአጎቴ ልጅ ኒው ሀልፋ ሸንኮራው እርሻ ላይ የዘበኝነት ሥራ አለ ብሎኛል። ለብቻዬ ለመኖር ይበቃኛል።

በሰፈራችን ባሏ ከመንገድ የሚመጣላት ሴት ዱኻን እንደምትገባ ታውቂያለሽ። በጉድጓድ ፍም ላይ ተከናንባ ተቀምጣ የጠልህ ጢስ ሞቃ ትጠብቀዋለች፤ ሰውየው ገና ከመኪና ሳይወርድ ጢሱ እስከ መንገዱ ድረስ ይቀበለዋል። ጢስ ትቻለሁ ማለትሽን አልረሳሁም። ስለዚህ ነው የምጠይቅሽ። ከሰፈሩ መግቢያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ወርጄ እቆማለሁ። ጠልህ ከሸተተኝ እገባለሁ። ካልሸተተኝ በዚያው መኪና ወደ ሾዋክ፣ ከዚያ ወደ ኒው ሀልፋ አልፋለሁ። አልቀየምሽም። ቃል አያስፈልገንም፣ ባንቺ ደጃፍም ቆሜ አላሳፍርሽም።

አኑዋር

እመት ሰውዳ፣ ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት እኔ ስንሻው ነኝ። እሱ ለሰላት ተነሥቷል፣ አላየኝም። ትንሽ አሞኛል ያለው ትንሽ አይደለም። በየካቲት መጨረሻ ከእርስዎ ደብዳቤ የመጣለት ሰሞን ነው። ክምሩ ተሸንቁሮ ሊደፍን ሲወጣ ከእግሩ ሥር ተደረመሰ። እኔ ጎትቼ አወጣሁት፤ ቀኝ እጁ ግን እሳቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ገላባት ክሊኒክ አክመውታል፣ ቁስሉ ደርቋል፣ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ማንኪያ እንኳን በግራው ነው። መጥረቢያ ከእንግዲህ አይጨብጥም። እንዳልነግርዎ አስምሎኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሰውዬው ደብዳቤዎን ከደረት ኪሱ አያወጣም። ይህንንም ይወቁት።

---

ገዳሪፍ፣ ግንቦት 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

አኑዋር፣

ይህን ወረቀት የምትሰጥህ እትዬ ቱርካ ናት። ጢስ ከጓሮዬ የጠፋ ቀን ለአገር የነገረችብኝ እሷ ስለሆነች ዛሬም መልእክቱን ታድርስ ብያለሁ። አሁን ወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆመሃል። የከማሉን ጥሩምባ ሰምቻለሁ። ወረቀቱ እርጥብ ከሆነብህ ላቤ ነው።

ስንሻው የጻፈውን አንብቤያለሁ። አትቆጣው። አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ እንደገና አለቀስኩ። እኔ እዚህ ስለ ፉል እየጻፍኩልህ አንተ እዚያ እጅህን ጠቅልለህ ደህና ነኝ ትለኛለህ! ማዘንና መፈለግ አንድ አይደለም ብለሃል። አዝኛለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ሰው አይደለሁም ወይ? ግን ከማዘኔ በፊት ፈልጌሃለሁ፤ እጅህ ደህና ሳለች ጆንያህን የመለስኩት ስለምፈልግህ ነው።

የጠየቅከኝን ነገር ሳብሰለስለው ሰነበትኩ። ቤት ውስጥ አንዲት የጠልህ ስንጥር የለችም። እትዬ ቱርካ ከራሷ አንድ እቅፍ አምጥታ «ለአንድ ቀን ምን አለበት? ባልሽን በአንድ እቅፍ እንጨት ታጪዋለሽ?» አለችኝ። አስቀምጪው አልኳት፣ ቆይቼ መልሺው አልኳት፣ በሯ ድረስ ሄጄ ደግሞ ተመለስኩ። ያን ያህል ጊዜ ስጣላበት በከረምኩት እንጨት ልቀበልህ አልሆነልኝም። ሳልቀበልህ መቅረትም አልሆነልኝም። እንዲህ ከበር ጓሮ ስንቆራጠጥ አይኔ በሩ ጀርባ ላይ አረፈ።

ስለ መጥረቢያው ለጠየቅከኝ አሁን እመልስልሃለሁ። ዛቢያዋን በድንጋይ እየመታሁ ከብረቷ አላቀቅሁት። ከዚያ በራሷ ብረት ፈለጥኩት። ጠልህ ነው፤ አንተው ነህ የጠረብከው። የዱኻኑን ጉድጓድ አጽድቼ፣ ፍም አድርጌ፣ ጨመርኩት። አሁን ወፍራሙን የሱፍ ሸምላ ተከናንቤ በላዩ ተቀምጫለሁ፤ የምጽፍልህም እንዲሁ እንዳለሁ፣ ሰሌዳውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ብዙ አትቁም።

ደህና አድርገህ አሽት። ጠልህ ብቻ አይደለም የሚሸተው። ያ ሁሉ ዓመት የጨበጥከው እንጨት የእጅህን ላብ ጠጥቷል። እኔ ገና ሲለኮስ ነው ሽታህን ያወቅሁት።

ኒው ሀልፋ ሌላ ዘበኛ ይፈልጉ። እኔ ምድጃ ለሠራሁላቸው ሴቶች ሁሉ አላደረስኩም፣ የሚያግዘኝ ሰው አጥቻለሁ። ጭቃው የሚቦካው በእግር ነው። እግርህ አልተቃጠለም።

እትዬ ቱርካ መንገድ ላይ ብዙ ታወራሃለች፣ እሺ እሺ እያልክ ና። ጀላቢያህ አልተተኮሰም። ፉሉ ቅርጫቱ ውስጥ ነው።

ሰውዳ